መሪው ቃል የት ነው? የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ደረጃ በደረጃ መለየት

ይህን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «ዘ ኦልድ ውማን ሴሊንግ ኮፊ ኒር ዘ ስቴሽን ዊል ሪሜምበር ዘ ኔም ኦቭ ዩር ፋዘር»። በአማርኛ «ጣቢያው አጠገብ ቡና የምትሸጠው አሮጊት የአባትህን ስም ታስታውሳለች» ማለት ነው። አሁን ቅደም ተከተሉን አስተያዩት። በእንግሊዝኛው «ውማን» ቀድማ የምትሠራው ነገር ኋላ ይነገራል፤ በአማርኛው ሥራዋ ቀድሞ «አሮጊት» መጨረሻ ላይ ትመጣለች። «ኔም» ከ«ፋዘር» ይቀድማል፤ «ስም» ግን «የአባትህን» ከሚለው በኋላ ነው። ግሱም እንደዚያው፦ የእኛ መዝጊያ ላይ፣ የእነሱ መሐል ላይ።

አማርኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛን ሐረግ ሲተነትን በብዛት የሚስተው እዚህ ነው። ጆሮው ዋናውን ቃል ከሐረጉ መጨረሻ መጠበቅ ለምዷል። የሐረግ ዓይነቶችን ስም ከመሸምደድ በፊት መሪውን ቃል ማግኘት መልመድ የሚበጀውም ለዚህ ነው፤ ሐረጉ ስሙን የሚያገኘው ከመሪው ነውና። መሪው ስም ከሆነ ሐረጉ ስማዊ፣ ግስ ከሆነ ግሳዊ፣ ቅጽል ከሆነ ቅጽላዊ፣ ተውሳከ ግስ ከሆነ ተውሳከ ግሳዊ፣ መስተዋድድ ከሆነ መስተዋድዳዊ ይባላል።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹ እዚህ በፊደል የተጻፉት በድምፃቸው ነው። ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል እየገለበጣችሁ ከሥራቸው መስመር አስምሩ፤ በዓይን ብቻ ማንበብ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

1. ሐረግ ነው ወይስ ክሎዝ?

ክሎዝ ባለቤትና ጊዜ የሚያሳይ ግስ አለው። ሐረግ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አይዝም። መለያው ቀላል ነው፤ ወሬውን ከዛሬ ወደ ትናንት አዙሩት። «ሺ ሴልስ ኮፊ» ወደ «ሺ ሶልድ ኮፊ» ይለወጣል፤ ግሱ ጊዜ ስለሚያሳይ ክሎዝ ነው። «ሴሊንግ ኮፊ ኒር ዘ ስቴሽን» ግን ትናንትም ዛሬም ያው «ሴሊንግ» ነው። ስለዚህ ግስ ቢኖርበትም ሐረግ ነው። ብዙ ተማሪ ግስ የመሰለ ቃል ባየ ቁጥር ክሎዝ ብሎ ይመልሳል፤ ፈተና አውጪዎችም ይህን ያውቃሉ።

የቃላት ብዛት መለኪያ አይሆንም። ዐሥራ አምስት ቃል ያለው ሐረግ አለ፤ «ሺ ሌፍት» ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ክሎዝ ነው። አንድ ቃል ብቻውንም የሐረግ ቦታ ይይዛል፦ «ዶግስ ባርክ» በሚለው ውስጥ «ዶግስ» ሙሉ ስማዊ ሐረግ ነው።

2. ሐረጉ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል?

ወሰኑን በመተካት ፈትኑት። ስማዊ ሐረግ በ«ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» ወይም «ዜም» ይተካል፤ ቦታ የሚናገር ሐረግ በ«ዜር»፣ ጊዜ የሚናገር በ«ዜን»። ከመነሻው ምሳሌ ላይ «ዘ ኦልድ ውማን» የሚለውን ብቻ አውጥታችሁ «ሺ» ብትተኩ «ሺ ሴሊንግ ኮፊ ኒር ዘ ስቴሽን ዊል ሪሜምበር…» ይሆንና ይሰበራል። ከ«ዘ ኦልድ» እስከ «ስቴሽን» ያለውን በሙሉ አውጥታችሁ «ሺ ዊል ሪሜምበር…» ብትሉ ግን ይቆማል። ስለዚህ ሐረጉ እስከ «ስቴሽን» ድረስ ነው፤ ስምንቱም ቃላት የባለቤቱ አካል ናቸው።

ሁለተኛው መፈተኛ ማንቀሳቀስ ነው። «ሂ ባይስ ኮፊ ኒር ዘ ስቴሽን» ቢሆን ኖሮ «ኒር ዘ ስቴሽን» ተነስቶ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ይችላል። «ኒር ዘ» ብቻውን መነሳት አይችልም፤ ሐረግ አይደለማ።

አንዳንዴ ሁለት ወሰን ትክክል ይሆናል፤ ያኔ ትርጉሙም ሁለት ነው። «ዘ ጋርድ ሂት ዘ ቲፍ ዊዝ ዘ አምብሬላ» ምን ማለት ነው? «ዊዝ ዘ አምብሬላ» ከ«ሂት» ጋር ከታሰረ «ዘበኛው ሌባውን በጃንጥላው መታው»፤ ከ«ቲፍ» ጋር ከታሰረ «ዘበኛው ጃንጥላ የያዘውን ሌባ መታው»። አማርኛ ሁለቱን በተለያየ መንገድ ለመናገር ስለሚያስገድድ፣ ሐረጉ ከየትኛው ቃል ጋር እንደታሰረ ሲያጠራጥራችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ በእጃችሁ የለም።

3. መሪውን ማግኘት

በስማዊ ሐረግ ውስጥ የመጀመሪያውን መስተዋድድ፣ የ«ኢንግ» ቃል ወይም እንደ «ሁ» እና «ዛት» ያለ አያያዥ ፈልጉ፤ መሪው ብዙውን ጊዜ ከሱ በፊት ያለው ስም ነው። «ዘ ኳሊቲ ኦቭ ዘ ሮድስ» ውስጥ ከ«ኦቭ» በፊት ያለው «ኳሊቲ» ነው መሪው።

የባለቤትና የግስ ስምምነት የሚበላሸው ይህ ሲረሳ ነው። «ዘ ኳሊቲ ኦቭ ዘ ሮድስ አር ፑር» ስህተት ነው፤ «ኢዝ ፑር» መሆን አለበት። «የመንገዶቹ ጥራት ዝቅተኛ ናቸው» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ በአማርኛ መሪው «ጥራት» ከግሱ አጠገብ ስለሚቀመጥ ነው። በእንግሊዝኛ በመሪውና በግሱ መካከል «ሮድስ» ይገባና ዓይን ያታልላል። ከ«ኦቭ» ጀምሮ ያለውን በጣት ሸፍናችሁ ማንበብ ነው መድኃኒቱ። ሦስት ነገር ግን ለብቻው ያዙ፦ «ኤ ሎት ኦቭ ፒፕል አር»፣ «ኤ ነምበር ኦቭ ስቱደንትስ አር»፣ ሆኖም «ዘ ነምበር ኦቭ ስቱደንትስ ኢዝ»። በፊተኞቹ ሁለት ውስጥ ቁጥሩን የሚወስነው ከ«ኦቭ» በኋላ ያለው ስም ነው።

4. ስማዊ ሐረግ

ከመሪው በፊት ያሉት ቦታዎች ቅደም ተከተል አላቸው፦ ወሳኝ ቃል («ዘ»፣ «ኤ»፣ «ማይ»፣ «ዞዝ»)፣ ቁጥር፣ አስተያየት፣ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ መገኛ፣ የተሠራበት ነገር፣ የሚሠራበት ዓላማ፣ ከዚያ መሪው። ሁሉንም ለመሙላት ያህል ጀበናን እንውሰድ፦ «ዞዝ ቱ ቢውቲፉል ስሞል ኦልድ ራውንድ ብላክ ኢትዮፒያን ክሌይ ኮፊ ፖትስ»። እንዲህ የሚናገር ሰው የለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቅጽል ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ግን በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ «ብላክ ስሞል ፖት» ጆሮ ይቆረቁራል።

ወሳኝ ቃል የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑ ለእኛ አስቸጋሪ ነው። በአማርኛ «ትልቁ ቤቴ» እንላለን፤ «ትልቁ» ላይ የታወቀነት ምልክት አለ፣ «ቤቴ» ላይ ደግሞ የባለቤትነት ምልክት። ሁለቱ አይጣሉም። በቀጥታ ሲገለበጥ «ዘ ቢግ ማይ ሃውስ» ይወጣል፤ እንግሊዝኛ ግን «ዘ» እና «ማይ»ን ባንድ ሐረግ አያስቀምጥም። «ማይ ቢግ ሃውስ» በሉ። «ይህ ቤቴ» ለማለትም «ዚስ ማይ ሃውስ» ሳይሆን «ዚስ ሃውስ ኦቭ ማይን» ነው የሚባለው።

ቁጥርም ያሳስታል። «ሦስት ልጅ አለው» ማለት በአማርኛ ነውር የለበትም፤ በእንግሊዝኛ «ስሪ ችልድረን» እንጂ «ስሪ ቻይልድ» አይሆንም።

5. ግሳዊ ሐረግ

እዚህ ላይ መጻሕፍት ስለማይስማሙ አትደናገሩ። አንዳንዱ ግሳዊ ሐረግ የሚለው ግሶቹን ብቻ ነው፦ «ዊል ሪሜምበር»። ሌላው ግሱን ከነመሙያው ይወስዳል፦ «ዊል ሪሜምበር ዘ ኔም ኦቭ ዩር ፋዘር»። ሁለተኛው በ«ዱ ሶ» መተካት ስለሚችል የበለጠ አሳማኝ ነው። ፈተና ላይ ግን የምትጠየቁት በመማሪያ መጽሐፋችሁ መሠረት ነውና የእሱን ትርጉም አስቀድማችሁ እዩ።

የረዳት ግሶች ሰልፍ ይህ ነው። በቅድሚያ እንደ «ማይት»፣ «ሹድ»፣ «ዊል» ያለው ሞዳል ይመጣል፤ ቀጥሎት ያለው ግስ ምንም ቅጥያ አይዝም። ከዚያ «ሃቭ»፤ ቀጥሎት ሦስተኛው የግስ ቅርጽ ይመጣል። ከዚያ የቀጣይነት «ቢ»፤ ቀጥሎት «ኢንግ» ይመጣል። በመጨረሻም የተደራጊነት «ቢ»፤ ቀጥሎት እንደገና ሦስተኛው ቅርጽ። «ዘ ሌተር ሹድ ሃቭ ቢን ሴንት» የሚለውን በዚህ ፈትሹት፦ ከ«ሹድ» በኋላ ባዶ «ሃቭ»፣ ከ«ሃቭ» በኋላ «ቢን»፣ ከ«ቢን» በኋላ «ሴንት»። እያንዳንዱ ረዳት ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል ቅርጽ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ ሥልጣን የለውም።

አማርኛ ሰልፉን ገልብጦ ነው የሚያስኬደው። «ሺ ማይት ቢ ስሊፒንግ» ማለት «ተኝታ ሊሆን ይችላል» ነው፤ «ማይት» ከፊት፣ «ይችላል» ከኋላ። ሌላም ልዩነት አለ። «ልትሄድ ትችላለች» ስንል ሁለቱም ግሶች «እሷ»ን ያመለክታሉ። «ሺ ካን ጎዝ» የሚለው ስህተት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ተናጋሪው ሁለቱም ግስ ላይ ምልክት ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ምልክቱን የሚሸከመው የመጀመሪያው ግስ ብቻ ነው፤ «ዲድ ሂ ዌንት» የማይሆነውም ጊዜውን «ዲድ» አስቀድሞ ስለወሰደው ነው።

6. መስተዋድዳዊ ሐረግ

መስተዋድድ ከፊት፣ ስማዊ ሐረግ ከኋላ፦ «አንደር ዘ ቴብል»። አማርኛ «ከጠረጴዛው ሥር» ብሎ ከሁለቱም ወገን ያቅፈዋል፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም ከፊት ያደርገዋል። ከባድ የሚሆነው ግን ምርጫው ነው። የእኛ «በ» ብቻዋን ስንቱን ትሠራለች፦ በአውቶቡስ «ባይ ባስ»፣ በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ»፣ በመስከረም «ኢን ሴፕቴምበር»፣ በሰኞ ዕለት «ኦን ማንደይ»፣ ጠዋት በ2 ሰዓት «አት ኤይት ኦክሎክ»። የመጨረሻው ላይ መስተዋድዱን አስተካክሎ ሰዓቱን «ቱ» ብሎ የሚሳሳት ብዙ ነው።

መስተዋድድን ተከትሎ ግስ ከመጣ በ«ኢንግ» ያልቃል፦ «አፍተር ኢቲንግ»፣ «ጉድ አት ኩኪንግ»። ወጥመዱ «ቱ» ነው፤ አንዳንዴ መስተዋድድ፣ አንዳንዴ የአርእስት ምልክት ይሆናል። ቀጥሎ ስም ማስገባት ከቻላችሁ መስተዋድድ ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊደይ» ይባላል፤ ስለዚህ «ቱ ሚቲንግ ዩ» እንጂ «ቱ ሚት ዩ» አይሆንም። «አይ ዋንት ቱ ዘ ሆሊደይ» ግን አይባልም፤ ያ «ቱ» የአርእስት ነው።

መስተዋድድ የሚመስል ሁሉም መስተዋድድ አይደለም። «ሂ ሉክድ አፕ ዘ ቺምኒ» ሽቅብ ወደ ጭስ ማውጫው ተመለከተ ማለት ነው፤ «አፕ ዘ ቺምኒ» ሐረግ ነው። «ሂ ሉክድ አፕ ዘ ወርድ» ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለገ ማለት ነው፤ እዚህ «አፕ» የግሱ አካል ነው። ስሙን በ«ኢት» ተኩት፦ «ሉክድ ኢት አፕ» የሚባለው የሁለተኛው ብቻ ነው።

7. ቅጽላዊና ተውሳከ ግሳዊ ሐረግ

«ቬሪ ሆት» እና «ቬሪ ስሎውሊ» ብዙ አያስቸግሩም። ትኩረት የሚፈልገው መሙያ የያዘ ቅጽል ነው። «በልጁ የሚኮራ አባት» ሲተረጎም «ኤ ፕራውድ ኦቭ ሂዝ ሰን ፋዘር» አይሆንም፤ ቅጽሉ ከኋላው ጭነት ካለው ከስሙ ቀጥሎ ይቀመጣል፦ «ኤ ፋዘር ፕራውድ ኦቭ ሂዝ ሰን»። «ኢነፍ» ደግሞ ከቅጽሉ በኋላ ነው፦ «ኦልድ ኢነፍ»።

8. ከግስ የሚወጡት ሦስቱ

የሐረግ ዓይነት በአንዱ መጽሐፍ አምስት፣ በሌላው ስምንት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። አምስቱ የሚቆጠሩት በመሪው ዓይነት ነው። ስምንት የሚለው መጽሐፍ የግሱን ቅርጽና ሐረጉ የሚሠራውን ሥራ ደባልቆ ይጨምራል። ሁለት መለኪያ ነውና ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት፤ አንደኛ «መሪው ምንድን ነው?»፣ ሁለተኛ «ምን እየሠራ ነው?»። ለምሳሌ «ላስት ናይት» በመሪው ስማዊ ሐረግ ነው፤ «ሂ ኬም ላስት ናይት» ውስጥ የሚሠራው ግን የተውሳከ ግስ ሥራ ነው።

ኢንፊኒቲቭ፣ ጀረንድና ፓርቲሲፕል ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚያስፈሩት በላይ ቅርብ ናቸው። ጀረንድ ሐረግ የስም ቦታ ይይዛል፤ የእኛ አርእስት «መ» ነው፦ «ስዊሚንግ ኢን ዘ ሌክ ኢዝ ዴንጀረስ»፣ «ሐይቁ ውስጥ መዋኘት አደገኛ ነው»። በ«ኢት» ይተካል። ፓርቲሲፕል ሐረግ ስምን ይገልጻል፤ የእኛ «የሚ» እና «እየ» ነው፦ «ዘ ቦይ ክራይንግ ኢን ዘ ኮርነር»፣ «ጥግ ላይ የሚያለቅሰው ልጅ»። በ«ኢት» አይተካም። ኢንፊኒቲቭ («ቱ» ከባዶ ግስ ጋር) ብዙ ጊዜ «ለመ» ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ«ስቶፕ» ይታያል፦ «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» ማጨስ አቆመ፤ «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ለማጨስ ቆመ። «ኢንጆይ» ደግሞ ጀረንድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ «ኢንጆይ ቱ ሪድ» አይባልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በእንግሊዝኛ በተጻፉ የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ «በልቶ»፣ «ሄዶ» ጀረንድ ሲባሉ ታገኛላችሁ። እኛ ቦዝ አንቀጽ የምንለው ነው። ከእንግሊዝኛው ጀረንድ ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም፤ «በልቶ ተኛ» በእንግሊዝኛ «ሃቪንግ ኢትን፣ ሂ ስሌፕት» ስለሚሆን አቻው ፓርቲሲፕል ነው።

ፓርቲሲፕል ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ባለቤት ማሳጣት ነው። «ወደ ቤት እየሄድኩ ዝናብ ጀመረ» ጤናማ አማርኛ ነው፤ «እየሄድኩ» ላይ ያለው «ኩ» ሂያጁ እኔ እንደሆንኩ ይናገራል። «ዎኪንግ ሆም» ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ባለቤቱን ከዋናው ክሎዝ ይበደራል። «ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ» ስትሉ ወደ ቤት የሚሄደው ዝናቡ ይሆናል። ወይ ባለቤቱን አስተካክሉ፣ «ዎኪንግ ሆም፣ አይ ጎት ዌት»፤ ወይ ሐረጉን ወደ ክሎዝ ለውጡ፣ «አዝ አይ ዎዝ ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ»።

9. የቀሩት ሁለቱ፣ በአንድ ምሳሌ

አፖዚቲቭ አንድን ስም በሌላ ስማዊ ሐረግ ደግሞ የሚጠራ ነው። አብሶሉት ሐረግ ደግሞ የራሱ ባለቤት ያለው፣ ጊዜ የሚያሳይ ግስ ግን የሌለው ነው። ሁለቱንም የያዘ ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው እንፍታ፦ «ሂዝ ፊት ቤር፣ አበበ ቢቂላ፣ ኤ ሶልጀር ኦቭ ዘ ኢምፔሪያል ጋርድ፣ ራን ትሩ ዘ ስትሪትስ ኦቭ ሮም ቱ ዊን ዘ 1960 ኦሎምፒክ ማራቶን»። ዘመኑ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. ሊያልቅ የጳጉሜ ቀናት ላይ ነበር።

ጊዜ የሚያሳየውን ግስ ፈልጉ። «ራን» ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክሎዙ አንድ ነው፣ የቀረው ሁሉ ሐረግ ነው። «ሂዝ ፊት ቤር» የራሱ ባለቤት «ፊት» አለው፤ «ዌር» ቢገባበት ክሎዝ ይሆን ነበር፣ ስለሌለ አብሶሉት ነው። «ኤ ሶልጀር ኦቭ ዘ ኢምፔሪያል ጋርድ» አፖዚቲቭ ነው፤ መሪው «ሶልጀር»፣ ውስጡ «ኦቭ» የሚመራው መስተዋድዳዊ ሐረግ አለ። በኮማ መታጠሩ ብናወጣውም ዓረፍተ ነገሩ እንደሚቆም ያሳያል፤ ከሁለቱ ኮማዎች አንዱን ብቻ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው። «ትሩ ዘ ስትሪትስ ኦቭ ሮም» መስተዋድዳዊ ነው፤ በሆዱ ስማዊ ሐረግ፣ በዚያ ሆድ ደግሞ ሌላ መስተዋድዳዊ ሐረግ ይዟል። «ቱ ዊን» የሚጀምረው ኢንፊኒቲቭ ነው፤ «ቱ» መስተዋድድ አለመሆኑ ከኋላው «ዊን» ባዶ ግስ ሆኖ በመምጣቱ ይታወቃል። የመጨረሻው ስማዊ ሐረግ መሪ «ማራቶን» ነው። «1960» እና «ኦሎምፒክ» ከፊቱ ናቸው፤ ከኋላው የሚከተል ነገር ስለሌለ ለአንዴ እንኳ መሪው እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።